ከምንጣፉ ሥር ያለው ብረት

ሰው በቤቱ ውስጥ ዘወትር ዓይኑ የሚያርፍበትን ይጠርጋል፣ ይወለውላል፤ ዓይኑ የማይደርስበትን ግን ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ ማገሩን፣ ግድግዳው እስካልተሰነጠቀ ድረስ መሠረቱን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ውጭ አልነበርንም። እንዲያውም የእኛ ጥፋት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ሌላው ሰው ባለማወቅ የሚተወውን እኛ እያወቅን ሸፍነነው ኖረናልና። ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ወለል፣ ስለ ዝገቱና ስለ ብየዳው ልንጽፍ የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ መኪና ያለው የቤተ ሰብ አባት ከጥፋታችን ይማር ዘንድ የሆነውን ሁሉ ሳናስቀር እንናገራለን።

መኪናይቱ ቮልስዋገን ናት፤ በአገራችን ትልቁም ትንሹም «ቮልስ» እያለ የሚጠራት፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተርዋ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነችው። ይህች ዓይነት መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 መጨረሻ ጀምሮ፣ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ በብዛት ትሠራ ጀመር፤ የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ወጣች። የተሠሩት ሁሉ ሲደመሩ ከ21 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም ከባለቤታቸው ዕድሜ የሚበልጡ ቮልሶች ዳገቱን እያጉረመረሙ ሲወጡ እስከ ዛሬ ይታያሉ። የእኛይቱን ከአሁን ሟች አጎታችን እጅ የገዛናት ከ14 ዓመት በፊት ነው። ሁለቱን ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ እናታችን በታመሙ ጊዜ በሌሊት ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እርስዋ ናትና እንደ ቤተ ሰብ እናያት ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከኋላ መቀመጫ ሥር የሻገተ ነገር ሸተተን። መቀመጫውን አንሥተን ስንመለከት፣ ባትሪው በተቀመጠበት በቀኝ በኩል የወለሉ ብረት ተበልቶ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀዳዳ ሆኖ አገኘነው፤ በቀዳዳውም ውስጥ መሬቱ ይታያል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሠራተኛው ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረን። አንደኛው፣ የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ ላሜራ መበየድ ሲሆን፣ ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ቁራጭ ሸፍኖ፣ ዙሪያውን ስቱኮ ለጥፎ፣ ከሥር ካትራሜ መቀባት ነው፤ ይህም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። «ማንም አያየውም» አለን። በዚያን ወራት የቤት ኪራይ ጨምሮብን፣ የልጆችም የትምህርት ክፍያ ደርሶብን ነበርና ሁለተኛውን መረጥን። በላዩም አዲስ ምንጣፍ አነጠፍንበት። ባለቤታችን በጠየቀችን ጊዜ «ተበይዷል» አልናት። የተበየደ ነገር ግን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ መኪናይቱን ለመሸጥ አሰብን። ገዥ ሆኖ የመጣው ከእኛ ጋር የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ነበር። ሚስቱ ለመውለድ ሁለት ወር ያህል ቀርቷት ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ሳይወለድ መኪና ሊይዝ ይቸኩላል። ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፤ ፍሬኑን ረገጠ፤ ቀለሙን ዞሮ አየ። አሁን ከሥር ይመለከታል ብለን ልባችን ሲመታ፣ ቀና ብሎ ሳቀና «መምህር፣ እርስዎ ደኅና ናት ካሉኝ እኔ ምን እመረምራለሁ?» አለን። እኛም ዝም አልን። ቀብዱን ቆጥሮ ሰጠን፤ ተቀበልን።

በማግሥቱ በስምንተኛ ክፍል የምናስተምረው የሳይንስ ትምህርት ስለ ዝገት ነበረ። በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ ከሳምንት በፊት ያዘጋጀናቸውን ሦስት ብርጭቆዎች በጠረጴዛው ላይ አኖርን። በአንደኛው ብርጭቆ ምስማሩ እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ተከድኖ በደረቅ አየር ውስጥ ተቀምጧል። በሁለተኛው፣ አየሩ እንዲወጣለት በፈላ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ አየር ተመልሶ እንዳይገባ በላዩ ዘይት ፈስሶበታል። በሦስተኛው ግን ተራ ውሃና አየር አብረው አግኝተውታል። የዛገው ሦስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ብረትን የሚያዝገው ውሃ ብቻውን አይደለም፤ አየርም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ይህን አስረድተን ስንጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አንሥታ «መምህር፣ የዛገውን ምስማር በላዩ ቀለም ብንቀባው ዝገቱ ይቆማል?» ብላ ጠየቀችን። «አይቆምም። ዝገት ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው፤ እርጥበትን ይዞ ይቆያል። ቀለሙ ከላይ ያምራል፤ ብረቱ ግን ከሥር ይበላል» ብለን መለስንላት። ልጅቱ መልሱን በደብተርዋ ጻፈች። እኛ ግን የገዛ ቃላችንን ሰምተን ቆመን ቀረን።

ያን ቀን ማታ ምንጣፉን ገለጥነው። ባለቤታችን የምናደርገውን ልታይ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ካትራሜውን በጠመንጃ መፍቻ ብንነካው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተሰነጠቀ ወደቀ፤ ቆርቆሮውም በእጃችን መጣ። የመዳፍ ስፋት የነበረው ቀዳዳ በስድስት ዓመት ውስጥ የእንጀራ ግማሽ አክሎ ነበር። ሁሉንም ነገርናት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እኔን የከፋኝ ቀዳዳው አይደለም። ስድስት ክረምት ሙሉ ልጆቼን በላዩ ስታስቀምጥ ምን ብለህ እንደ ነበር ነው» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቀጥላም «አሁን ያንን ልጅ ጥራውና አሳየው። ከሚስቱ ጋር ሳይቀመጥበት» አለች።

በማግሥቱ ወጣቱ መጣ። በካርቶን ላይ ተኝተን በባትሪ መብራት አሳየነው። ከመኪናይቱ ሥር ሲወጣ ልብሱን አራገፈ፤ ወደ ፊታችን ግን አልተመለከተም። ቀብዱን መለስንለት፤ ተቀበለና ሄደ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣን ይሻለን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመምህራን ክፍል ሰላምታው አጭር ሆነ።

መኪናይቱን እንዲሁ ለመጣል ወይም ለሌላ ለማያውቀን ሰው ለመሸጥ ልባችን አልፈቀደም። በዚያው ሰሞን ባለቤታችን ለፍሪጅ ስትጥለው የኖረችው እቁብ ደርሷት ነበር። ገንዘቡን በጠረጴዛው ላይ አኖረችና «በዚህ ጊዜ የተበየደ ነገር ልይ» አለች።

ሰዎች ጠቁመውን ወደ አንድ አረጋዊ በያጅ ሄድን። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በባትላሜነት የኖሩ ናቸው። መኪናይቱ ከፍ ብላ በእንጨት ከተደገፈች በኋላ፣ መብራት አልጠየቁም፤ ትንሽ መዶሻ ይዘው ከሥርዋ ገቡና ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። ደኅናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድፍን ብሎ ይቀራል። በልጅነታችን ዲቁና ስንማር ባደግንበት ደብር ሁለት የድንጋይ ደወሎች ነበሩ። አንደኛው ሲመታ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ሁለተኛው በመልኩ ከፊተኛው የማይለይ ሆኖ ሳለ ውስጡ ተሰንጥቆ ስለ ነበር እንደ ግንድ ዱብ ይላል እንጂ አይጮኽም። በያጁ በመዶሻ ሲመቱ ይህ ትዝ አለን። በመጨረሻ ሦስት ስፍራ በጠመኔ ከበቡ፤ አንደኛው የባትሪው ስፍራ ሲሆን፣ ሁለቱ እኛ ያላወቅናቸው፣ አንዱም በነጂው እግር ሥር የነበረ ነው።

የቮልስን አሠራር ያን ጊዜ ተረዳን። በመካከልዋ እንደ አከርካሪ አጥንት የሆነ ክፍት ብረት ከፊት ወደ ኋላ ያልፋል፤ የወለሉ ሁለት ክንፎች በግራና በቀኝ ከእርሱ ጋር ተበይደዋል፤ የላይኛው አካል ደግሞ በወለሉ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል። መቀመጫዎቹም የሚንሸራተቱበት ሐዲድ የተያያዘው በዚሁ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ወለሉ እግር ማሳረፊያ ብቻ አይደለም፤ መኪናይቱን የሚሸከማት ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣልና ከውስጡ የሚንጠባጠበው አሲድ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎም ብረቱን ይበላል። የቀረውን የክረምት ጭቃና የረጠበ ምንጣፍ ይጨርሰዋል። በብዙ የአውሮጳ አገሮች በክረምት በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ሆድ ይፈጀዋል፤ በአዲስ አበባ ይህ የለም። ነገር ግን ውሃ በመስተዋቱና በበሩ ጎማ ሾልኮ ገብቶ ከምንጣፍ ሥር ለወራት ከተኛ ጨው ሳያስፈልገው ያንኑ ሥራ ይሠራል። የእኛ ካትራሜ ደግሞ ውሃው እንዳይገባ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣ ከልክሎት ኖሯል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ስፍራ ስለሚይዝ፣ እያበጠ ስቱኮውን ከሥር ገፍቶ አላቅቆታል።

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የተደረገው ዝግጅት ሁለት ቀን ፈጀ። ባትሪው ወጣ። የአሲዱ ስፍራ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ አረፋው እስኪቆም ድረስ ተደጋግሞ ታጠበ። መቀመጫውና ምንጣፉ ሁሉ ተነሣ። የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ከፊት ተፈትቶ ከጋራዡ ውጭ ተቀመጠ። በዚያ በመካከለኛው ክፍት ብረት ውስጥ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የቤንዚን ቧንቧ ስለሚያልፍ፣ እርሱም ተፈትሾ ከቤንዚን ጸዳ። ይህን ሳያውቁ በዚያ አጠገብ እሳት የሚያነዱ ሰዎች መኪናቸውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ሊያጡ ይችላሉ። መኪናይቱም በክሪክ ብቻ አልተተወችም፤ ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ሰው ከሥሩ ሊተኛበት አይደለምና፣ ወፍራም ግንድ በአራት ወገን ገባላት።

ከዚያም መቁረጥ ተጀመረ። የመዳፍ ስፋት ብለን የሸፈንነው ስፍራ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። ግራይንደሩ እየጮኸ ወለሉን ሲከፍተው ዓይናችን አልቻለምና «ጋሼ፣ ይኸ እንኳ ደኅና ይመስላል፤ ቢተዉት ምናለ?» አልናቸው። በያጁ አቁመው መነጽራቸውን አነሡና «መምህር፣ ለማስገባው ብረት ብቻ አይደለም የሚከፍሉኝ፤ ለማወጣውም ነው» አሉን። ዝገት የነካው ጫፍ ሲበየድ ቀልጦ ይሸሻል እንጂ አዲሱን ብረት አይቀበልም። ይህም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የኔታ ዘንድ ሳለን የተቀደደ ብራና የሚጠግኑ አባት መርፌያቸውን በቅዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ደኅናው ቆዳ ገባ አድርገው ሲወጉ አይተናል። ጫፉ ክሩን አይሸከምምና።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከቤት የተረፈ የጣሪያ ቆርቆሮ ይዘን ሄደን ነበር። በያጁ በእጃቸው ሳይነኩት መለሱት። ቆርቆሮ ለዚህ ሸክም ስስ ከመሆኑም በላይ፣ የተለበጠበት ዚንክ በብየዳ እሳት ሲተን ጢሱ የተነፈሰውን ሰው በዚያው ሌሊት እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። የወለሉን ውፍረት የሚያህል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ላሜራ ተቆረጠ፤ የቀድሞውን ወለል መልክ እንዲይዝ በመዶሻ ተቀጠቀጠ። ስስ ላሜራ በተለመደው የዘንግ ብየዳ ቶሎ ስለሚበሳ፣ ብየዳው አየርን በሚከላከል ጋዝ እየታገዘ ቀጭን ሽቦ በሚያወጣው መሣሪያ ተሠራ። እርሱም ቢሆን እንደ ልብስ ስፌት በአንድ ትንፋሽ አይሄድም። አንዲት ነጥብ እዚህ ይበየዳል፤ ቀጥሎ ከማዶ በኩል ሌላ ነጥብ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ፣ እየቀዘቀዘ፣ ነጥቦቹ ተገናኝተው አንድ መስመር እስኪሆኑ ድረስ ይቀጥላል። እሳቱ በአንድ ስፍራ ቢበዛ ላሜራው ይጣመማል። ሁለቱ ክንፎችም በአንድ ጊዜ አልተከፈቱም፤ በሮቹ በትክክል መዘጋታቸው እየተሞከረ አንደኛው ሲያልቅ ሌላው ተጀመረ።

ለእኛ የተሰጠን ሥራ በመኪናይቱ ውስጥ ሆነን እሳት መጠበቅ ነበር። ከሥር የሚበየደው ብረት ከላይ በኩል ግሎ በዚያ የቀረ ክር ወይም የቀለም ቅሪት እንዳያቀጣጥል፣ እርጥብ ጨርቅና የእሳት ማጥፊያ ይዘን ተቀመጥን። ልጆቻችን በሚቀመጡበት ስፍራ ተንበርክከን፣ ጥቁሩ ብረት በአንድ ነጥብ ቀይ፣ ከዚያም ነጭ ሆኖ ሲበራና ተመልሶ ሲጠቁር አየን። ስድስት ዓመት ሙሉ አስበነው የማናውቀውን ያን ጊዜ አሰብን፤ በዚያ ቀዳዳ ላይ ስንት ጊዜ ሁለት ልጆች አስቀምጠን በሰላም እንደ ተመለስን።

ሥራው 11 ቀን ፈጀ። የብየዳው መስመር ተሞረደ፤ በብረት ብሩሽ ተፈትጎ ጸዳ፤ ወዲያው ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ፤ መገጣጠሚያዎቹ ውሃ በማያሳልፍ ማጣበቂያ ተደፈኑ፤ የላይ መከላከያውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ተቀባ። ካትራሜ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፋቱ በዝገት ላይ ሲቀባ ነው። ለባትሪው ጠርዝ ያለው ማስቀመጫ ተደረገለት፤ በደንብም ታሰረ፤ የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ ጫፎቹን ቢነካ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በላዩ መክደኛ ሆነለት።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ላላቸው ወገኖቻችን የምንመክረው ይህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ምንጣፉን አንሥታችሁ በፀሐይ አስጡት። ወለሉን በትንሽ መዶሻ እየመታችሁ አዳምጡ። በበሮች ግርጌ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ጭቃ እንዳይደፍናቸው በቀጭን እንጨት ክፈቱ። የባትሪውን ሥር እዩ። የጥፍር ስፋት ያህል ዝገት ብታገኙ ያን ቀን ፍቃችሁ፣ ብረቱን አጽድታችሁ ቀቡት፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ከተበሳ ግን አትሸፍኑት፤ ሥራውን ለሚያውቅ በያጅ ስጡ። ምርጫው የገንዘብ ከሆነባችሁም ቢያንስ ለቤተ ሰባችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ በላዩ የሚቀመጡት እነርሱ ናቸውና።

በታኅሣሥ ወር ወጣቱ መምህር ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ሳይጠራ ወደ ቤታችን መጣ። መኪናይቱ መጠገንዋን ሰምቶ ነበር። በያጁ የነገሩንን ልናስረዳው ስንጀምር በትሕትና አቋረጠንና «መዶሻ አለዎት?» አለን። ሰጠነው። ካርቶኑን ራሱ አንጥፎ ከሥር ገባ፤ ምንጣፉንም በእጁ ገልጦ ውስጡን አየ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ አንድ ስንዝር ሳያልፍ መታ። ባለቤታችን ቡና እያፈላች ከውስጥ ታዳምጣለች። ቀድሞ ቃላችንን አምኖ የተወውን አሁን በጆሮው ይመረምራል። ይህ ሊያስከፋን አይገባም ነበር፤ አላስከፋንምም። የተገባን ያ ነው።

በመጨረሻ የባትሪው ስፍራ ላይ ደረሰ። ሁለት ጊዜ መታው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወጥቶ እጁን ከጠረገ በኋላ፣ ለብየዳው ያወጣነውን ሳንጨምርበት በፊተኛው ዋጋ ተስማማን፤ ቀብዱንም እንደ ገና ቆጥሮ በእጃችን አኖረ። ባለቤታችን ፍሪጁን እስከ ዛሬ አልገዛችም። ስለ ፍሪጁ ስናነሣባት ግን «ይቆየኝ፤ ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁ» ትለናለች።